በህንዱ ፊት ህንድኛ የተረጎምኩ ዕለት

ማትሪክ ወድቆ የማያውቅ አንባቢ ይህን ታሪክ ቢዘለው አልቀየምም። ነጥብ አልመጣለትም ተብሎ በሰፈር ሲያልፍ ሴቶች ከንፈር የመጠጡለት ሰው ግን ቁጭ ብሎ ያንብበኝ፤ ያኔ የሠራሁትን ለምን እንደሠራሁ ከማንም ቀድሞ ይገባዋል።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ጎንደር በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት የተከፈተበት ጊዜ ነው። እኔ ፈተናውን ከወደቅኩ በኋላ ለእናቴ እንኳ ሳልነግር ወደ ሱዳን ሾልኬ ነበር። ገዳሪፍ ስምንት ወር ሰሊጥ ሳጭድ ከረምኩና ከወባ በቀር ምንም ሳልይዝ ተመለስኩ። ሥራ የለኝም፣ ተስፋ የለኝም፣ መዋያ ግን ነበረኝ፤ አዲስ ዓለም ሰፈር ያለው የጋሽ ኑርዬ ቪዲዮ ቤት።

ጋሽ ኑርዬ ከአባት ከአያት ጀምሮ ጨርቅ ሲነግዱ ከኖሩ የአዲስ ዓለም እስላሞች አንዱ ነው። የሱቁን ጓዳ መጋዘን አጽድቶ፣ አግዳሚ ደርድሮ፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ አስቀምጦ ሰው ያስገባል። አንድ ቀን የህንድ ፊልም እየታየ ሕዝቡ ምንም አልገባው ብሎ ሲያጉረመርም፣ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው "አባቱን ማን እንደገደለው እየነገረችው ነው" አልኩት። ከፊቷ ገምቼ ነው እንጂ ምን አውቄ።

"እንዴት አወቅህ?" አለኝ።

"ገዳሪፍ ከህንድ ነጋዴ ጋር ሠርቻለሁ።"

ከአፌ አመለጠኝ። ከዚያ ህንድ ጋር የነበረኝ ግንኙነት አንድ ቀን ከሱቁ ሳሙና መግዛቴ ብቻ ነው። ግን ሰውየው ለጎኑ ነገረ፣ ጎኑም ለኋላው፤ ፊልሙ ሳያልቅ ጋሽ ኑርዬ ማይክ ይዞ ፊቴ ቆመ። በሳምንቱ የእኔ የሙሉቀን ስም "ሙሌ ህንዱ" ሆነ። ትናንት ከንፈር ይመጡልኝ የነበሩ ሴቶች "እንደምን ዋልክ ህንዱ" ይሉኝ ጀመር። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እኔ እንኳ የሚያውቁኝ አገር ላይ ነው ቁርበት ያስነጠፍኩት።

ሥራው ደግሞ እንደምታስቡት ከባድ አልነበረም። አሮጊት ካለቀሰች እናት ናት። ጺሙን የሚያፍተለትል ሰው መሬት ነጣቂ ነው። ዘፈን ሲመጣ "እወድሻለሁ እያላት ነው" ብዬ ሻዬን እጠጣለሁ። ሰው ሲሰለቸኝ ደግሞ ስለ ተዋናዮቹ ወሬ እጨምራለሁ፤ ይሄኛው ግራ እጁ ላይ ስድስት ጣት አለው፣ ያቺኛዋ ከወንድሙ ጋር ታጭታ ቀርታለች፣ ያ ወፍራሙ በልጅነቱ ዝሆን ጠባቂ ነበር። አንድ ቀን ጸጉር ቤት ቁጭ ብዬ ሳለ ሁለት ሰዎች በስድስቱ ጣት ጉዳይ ሊደባደቡ ደረሱ። አንደኛው "ቀኝ እጁ ነው" ሲል ሌላው "ግራ ነው" ይላል። እኔ ራሴ ተጠራጠርኩና ቤቴ ገብቼ ሳስብ አመሸሁ።

ከደንበኞቼ ሁሉ የምወደው አያ መንገሻን ነበር። ከዳባት ቅዳሜ ቅዳሜ ገብስ ጭኖ ይወርዳል፣ ይሸጣል፣ ፊልም ያያል፣ በመጨረሻዋ መኪና ይመለሳል። ክፉው ሰውዬ ሲመጣ "ኧረ ተው አንተ" እያለ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይሟገታል። ያየውን ፊልም እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለአገሩ ሰው ይተርካል፤ የእኔ ውሸት ዳባት ድረስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይነገር ነበር ማለት ነው።

ነገሩ የተበላሸው በደሳለኝ ነው። ደሳለኝ ከእኛ ማዶ ባለ ሌላ ቪዲዮ ቤት የእንግሊዝኛ ፊልም የሚተረጉም፣ እንግሊዝኛውንም በእውነት የሚያውቅ ልጅ ነው። እውነት ማወቁ ግን አልጠቀመውም፤ ሰዉ ሁሉ ወደ እኛ ጎረፈ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በራችን ላይ ሰው በተሰበሰበበት መጣና እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ።

"ሙሌ፣ ቅዳሜ እንግዳ ይዤ ልመጣ ነው" አለኝ።

"ማንን?"

"ሚስተር ቶማስን። ሒሳብ የሚያስተምረውን ህንድ። ካሴቱንም የማመጣው እኔ ነኝ፤ አንተ አይተኸው የማታውቀውን። አንተ ትተረጉማለህ፣ እሱ ይሰማል። ሲያልቅ ተነሥቶ እውነቱን ይነግረናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።"

መልስ ሳልሰጠው ጋሽ ኑርዬ ከሱቁ ወጣና "አምጣው። ከፊት ወንበር እናዘጋጅለታለን" አለው። እኔን ያመነኝ ከራሱ በላይ ነው።

ዓርብ ጠዋት ሄጄ "ጋሽ ኑርዬ፣ ጉሮሮዬን አሞኛል" አልኩት።

"ማር አስመጣልሃለሁ።"

"ነገ መብራት ቢጠፋስ?"

"ህንዱን እሁድ ያመጣዋል። አንተ ምን አስጨነቀህ? እንኳን አንድ ህንድ፣ ህንድ አገር ሙሉ ቢመጣ።"

አንባቢዬ፣ ምን ልትለኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ "አልችልም ብትለውስ?" ልትለኝ ነው። እስቲ አስበው። ያ ስም ከሄደ የሚቀረኝ ማትሪክ የወደቀው፣ ከሱዳን ባዶ እጁን የተመለሰው ሙሉቀን ነው። ያንን ልጅ እኔ አልወደውም ነበር። ተመልሼ እሱን ከምሆን ከአገር መጥፋትን መረጥኩ፤ እውነቴን ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ መናኸሪያ ሄጄ ጠዳ ያለች አክስቴ ዘንድ ልሸሽ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ ሰው እስኪሞላ እየተጣራ ሳለ መስኮቱ ተንኳኳ። አያ መንገሻ ነው። ከዳባት መኪና ገና መውረዱ ነው፤ አጠገቡ ነጠላ የደረበ ሌላ ገበሬ ቆሟል።

"ሙሌ፣ ወዴት ነው?"

"አያ መንገሻ፣ አክስቴ ታማብኝ ጠዳ ልደርስ ነው።"

"ምነው፣ ዛሬ ቀን አጥታ ታመመች?"

ዓይኔን ወደ ረዳቱ አዞርኩ።

"ወሬውን ሐሙስ ገበያ ደርሶ የመጣ ሰው ነገረን። ይሄው አማቼንም ይዤው መጣሁ። ህንዱንና አንተን ፊት ለፊት ላሳየው ብዬ ገብሱን ለሌላ ሰው አደራ ሰጠሁ። በል ውረድ፣ አንተ ሸጋ ልጅ። አክስትህን እግዜር ይማርልህ፤ ማታ ትደርሳለህ።"

አማችየው ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣኝ። በዚህ ዓይነት ሰው ፊት እንዴት ይሸሻል? ወረድኩ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ቪዲዮ ቤቱ ጢም አለ። በመስኮት የተንጠለጠሉ ነበሩ። ሚስተር ቶማስ መጣ፤ ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ በጋም ክረምትም ጃንጥላ የማይለየው ሰው። ጋሽ ኑርዬ ከፊት አስቀመጠው። ደሳለኝ ካሴቱን ዴክ ውስጥ ከተተና እዚያው ጎኑ ቁጭ አለ፤ ህንዱን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው።

ፊልሙ ጀመረ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ማይኩን ያዝኩ።

አንዲት አሮጊት በባቡር ጣቢያ አበባ ትሸጣለች። ልጇ ከቤት ወጥቶ ይሄዳል፤ ሲጣሉ ታየ። "ድህነቱ ሰልችቶታል፣ እሷ ግን ተው እያለችው ነው" አልኩ። መቼም ወጣት ከቤት የሚወጣው ለዚህ ነው። ቀጥሎ አንዲት ቆንጆ መጣች፤ አንድ ጎረምሳም ሲያጫውታት አየሁ። "ወንድሟ ነው" አልኩ በልበ ሙሉነት። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጎረምሳው ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ሙዚቀኛ አስከትሎ ሊያገባት መጣ።

ደሳለኝ ጥርሱን ገለጠ።

"ወንድሟ ነው ሲባል የነበረው ለካ ውሸት ኖሯል" አልኩ ፈጥኜ። "ጎረቤት ነው ያስወራው።"

"ጎረቤት ክፉ ነው" አለ አያ መንገሻ ከኋላ። አማቹም "ውነት ነው" አለ። አለፍኩ።

ዓይኔ ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ሚስተር ቶማስ ላይ ነበር። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ይሰማኛል፤ አይስቅም፣ አይቆጣም። ድንገት፣ ልጁ ሀብታም ሆኖ ተመልሶ "እናቴን አላውቃትም አለ" ብዬ በተረጎምኩበት ቦታ ላይ፣ ህንዱ ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ።

ደሳለኝ ብድግ አለ። "አያችሁ? ራሱን ነቀነቀ። አይደለም እያለ ነው።"

ጉምጉምታው ከኋላ ተነሣ። ጋሽ ኑርዬ "ዳኛ የሚፈርደው ሲያልቅ ነው፤ ቁጭ በል" ባይለው ኖሮ እዚያው አበቃልኝ ነበር። ደሳለኝ ተቀመጠ፤ ህንዱ ግን በየደቂቃው ራሱን ግራና ቀኝ መወዝወዝ ቀጠለ። እያንዳንዷ ውዝዋዜ ለእኔ እንደ ዱላ ነበረች።

መጨረሻው ደረሰ። ልጁ ያለውን ሁሉ አጥቶ፣ ልብሱ ተቀዶ፣ ወደ ድሮ ቤታቸው ይመለሳል። በሩ ዝግ ነው። ደጁ ላይ ይንበረከካል። አሮጊቷ ከፈተችና ረጅም ንግግር ጀመረች። እኔ ያን ጊዜ ውሸቴ ሁሉ አልቆብኝ ነበር። ስለ ደሳለኝም ስለ ህንዱም ረሳሁ። ልጁን ብቻ አየሁት፣ አፌም ሳላስበው ተናገረ፤

"ልጄ፣ ምን ይዘህ መጣህ ብዬ አልጠይቅህም። እኔ የጠበቅኩት መምጣትህን ነው። በሩን የዘጋሁት ለነፋሱ እንጂ ላንተ አይደለም። ግባና እጅህን ታጠብ።"

የለቅሶ ድምፅ ተሰማ። አያ መንገሻ በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል። ሚስተር ቶማስ መነጽሩን አውልቆ ፊቱን በመሐረብ ሸፈነ።

መብራት በራ። ደሳለኝ "እሺ ሚስተር ቶማስ፣ ንገረን። ትክክል ነው ወይስ አይደለም?" አለ።

ህንዱ ቆመ። ጃንጥላውን ተመረኮዘ። ራሱን ግራና ቀኝ እየወዘወዘ በተሰባበረ አማርኛ "ትክክል ነው። ሁሉም ትክክል ነው" አለ።

"ታዲያ ለምን ራስህን ነቀነቅህ?"

"እኛ አገር አዎ ስንል እንዲህ ነው።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ አላስታውስም። ተሸከሙኝ። የአያ መንገሻ አማች ሦስት ጊዜ አገላብጦ ሳመኝ። ደሳለኝ ካሴቱን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ። ከሁሉም በላይ ግራ የተጋባሁት ግን እኔው ነበርኩ። ሳላውቀው ህንድኛ እችላለሁ እንዴ? ብዬ ራሴን ጠየቅኩ፤ አትሳቁብኝ።

ስወጣ ሚስተር ቶማስ በሩ ላይ ይጠብቀኛል። "ሻይ ልጋብዝህ" አለኝ። በእሱ ስብርባሪ አማርኛና በእኔ ስብርባሪ እንግሊዝኛ እየተጋገዝን ሻይ ቤት ገባን። ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። እናትየዋ ልጁን በእውነት ይቅር አለችው?"

"አንተ አልሰማሃትም?"

"እኔ ያንን ቋንቋ አልችልም" አለኝ።

ሻዬን አስቀመጥኩ።

"ህንድኛ የሚባል ቋንቋ እኮ የለም" አለ። "አገራችን ብዙ ቋንቋ ነው ያለው። እኔ የደቡብ ሰው ነኝ፤ ፊልሙ የሰሜን ነው። ጎንደር ስመጣ አልችልም አልኳቸው። ተማሪዎቼ ሳቁብኝ፤ ህንድ ሆኖ ህንድኛ የማይችል የት ይገኛል አሉ። ስድስት ዓመት አልችልም ብል የሚያምነኝ አጣሁና ተውኩት። ዛሬም ደሳለኝ ና ፍረድ ሲለኝ መጣሁ። ሕዝቡ አለቀሰ፣ የፊልሙ አሮጊትም አለቀሰች። ስህተቱ የት ጋ ነው?"

ሣቄ ሊመጣ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ቀረ።

"እናቴ በዚህ ክረምት ሞተች" አለ። "ከቤት ስወጣ ተጣልተን ነበር። መርዶው የደረሰኝ ከተቀበረች በኋላ ነው። ያቺ እናት ያለችውን ድገምልኝ፤ ለወንድሜ ልጻፍለት።"

ደብተርና እስክርቢቶ አወጣ። የምጠብቀው ሁሉ ሆኖልኝ፣ ስሜ ተርፎልኝ፣ ደሳለኝ አፍሮልኝ፣ አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር መድገም ብቻ ነበር የቀረኝ። አልቻልኩም። ከተማውን ሙሉ ዋሽቼ ያልከበደኝ ሰው ለዚህ ለአንድ ሰው ከበደኝ።

"ሚስተር ቶማስ፣ እኔም አልችልም" አልኩት።

"ምን አልክ?"

"ህንድኛ። ሰሜኑንም ደቡቡንም። ዛሬ የሰማኸው ሁሉ የእኔ ነው።"

እስክርቢቶውን አስቀመጠ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እያለቀሰ መስሎኝ ደነገጥኩ፣ ለካስ ሳቅ ነው። ሻዩ እስኪደፋ ሳቀ። ሲበቃው ዓይኑን ጠረገና "ያ ቃልስ ከየት መጣ?" አለኝ።

"የእናቴ ነው" አልኩት። "ከሱዳን ስመለስ ያለችኝ ነው።"

ደብተሩን ገለጠ። "እናት ያለችው ከሆነ ይበቃኛል። በል ቀስ እያልክ ንገረኝ።" በዚያ ክብ ክብ በሆነ ፊደላቸው እያንዳንዷን ቃል ጻፋት።

ማታውኑ ወሰንኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማይኩን አነሣሁና ፊልሙ ሳይጀመር ሕዝቡ ፊት ቆምኩ። "ወገኖቼ፣ እኔ ህንድኛ አልችልም። ችዬም አላውቅም" አልኩ። ጋሽ ኑርዬ ግድግዳውን ተደገፈ። ስድቡን ስጠብቅ አያ መንገሻ ከኋላ ተነሣ።

"እኛ መች ህንድኛ አምጣልን አልንህ?" አለኝ። "ህንድኛውንማ ሣጥኑ ራሱ ይናገራል። በል ጀምር፣ መኪና ሊያመልጠኝ ነው።"

ሰዉ "ጀምር፣ ጀምር" አለ። ለካ ስሙን እንዲያ የሙጥኝ ብዬ የጠበቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ይህች ሳምንት ሕይወቴን ቀየረችው ብል ማጋነን አይደለም። ሚስተር ቶማስ ኮንትራቱ አልቆ አገሩ እስኪገባ ድረስ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተማረኝ፤ ማትሪክንም ደግሜ ተፈተንኩ። ዛሬ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። ሱዳን በቆየሁባት ስምንት ወር የለቀምኩትን ዓረብኛ አሻሽዬ፣ እንግሊዝኛውን ጨምሬ፣ ሰው ያለውን ብቻ ነው የምናገረው። አንዲት ቃል ብጨምር ሰው ይታሰርበታል። ያልገባኝ ነገር ሲገጥመኝ "ክቡር ዳኛ፣ አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ" እላለሁ። ይህን ማለት ቀላል የሚመስላችሁ ካላችሁ አንድ ጊዜ ሰው በተሰበሰበበት ሞክሩት።

ግን አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ብቀር ተመልሼ ዋሾ እሆናለሁ። ሚስተር ቶማስ ከሄደ ከዓመት በኋላ ደብዳቤ ጻፈልኝ። በእናቱ ሙት ዓመት ወንድሙ ያንን ቃል ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ቆሞ አነበበው፤ ዘመድ ሁሉ አለቀሰ። ደብዳቤውን ይዤ በሩጫ ወደ እናቴ ሄድኩና አነበብኩላት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ማን ነው እንዲህ ያለው?" አለችኝ።

"አንቺ ነሻ። ከሱዳን የመጣሁ ዕለት።"

"እኔ?"

"በሩን የዘጋሁት ለነፋሱ ነው አላልሽኝም?"

"የምን ነፋስ? ላንተ ነው እንጂ የዘጋሁት። እስኪመሽ ደጅ ያስቆምኩህን ረሳኸው? በመጥረጊያ እንጨት ነው የተቀበልኩህ፤ ጎረቤት ገላግሎ ባያስገባህ ኖሮ እንኳን እጅህን ልትታጠብ።"

መማል እችላለሁ፤ ያንን ቃል ከአፏ ሰምቼዋለሁ። ስንት ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ። ስትጮህብኝ፣ ስትረግመኝ፣ መጥረጊያውን ስታነሣ እኔ የሰማሁት ያንን ነው።

እናቴ ደብዳቤውን ተቀብላ፣ ማንበብ ባትችልም፣ ገልብጣ አየችው።

"ህንድ አገር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተነበበ ነው የምትለኝ?"

"አዎ።"

"ሰውም አለቀሰ?"

"አለቀሰ ይላል።"

ትንሽ አሰበችና ቢላዋውን አነሣች። "እንግዲያው ብያለሁ" አለችኝ።